ኮድ ሳይጽፉ ድረ ገጽ መሥራትን ከቪዲዮ ስለ መማር

በቀድሞ ዘመን ትምህርት የሚሻ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ መምህር ወዳለበት አገር በእግሩ ይሄድ ነበር። በአሁኑ ዘመን ግን መምህሩ በስልክ መስተዋት ውስጥ ሆኖ ወደ ተማሪው ቤት ይመጣል። ይህም ታላቅ ጥቅም ያለው ነገር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ጥቅሙን የሚያገኘው አማማሩን የሚያውቅ ብቻ ነው። ብዙ ወጣቶች ቪዲዮ ሲያዩ ውለው ያመሻሉ፤ ወላጆችም ልጁ ይማር እንደ ሆነ ወይም ይጫወት እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራሉ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ውስጥ ኮድ ሳይጽፉ ድረ ገጽ መሥራት ምን እንደ ሆነ፥ ከቪዲዮ እንዴት እንደሚማሩት፥ መምህራንና ሽማግሌዎችም የተማሪውን ዕውቀት በምን እንደሚመዝኑት በየተራው ይገለጻል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ድረ ገጽ ምን እንደ ሆነ

ድረ ገጽ ማለት በኢንተርኔት መረብ ላይ የተቀመጠ፥ አድራሻውን የሚያውቅ ሁሉ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ከፍቶ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ይህን አሠራር መዠመሪያ ያሰበው ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እርሱም በዤኔቭ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በሚባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሐሳቡን በ1989 ጽፎ አቀረበ፤ በ1991ም ከተቋሙ ውጭ ላሉ ሰዎች ተገለጠ። ተቋሙ ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሥራውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ስለ ፈቀደ፥ ነገሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል። የዚህም ቋንቋ ሥራ የጽሑፉን ክፍሎች እየለየ መሰየም ነው፤ ይኸውም፦ ይህ ርእስ ነው፥ ይህ አንቀጽ ነው፥ ይህ ሥዕል ነው፥ ይህ ወደ ሌላ ገጽ የሚያደርስ ማያያዣ ነው እያለ ለኮምፒዩተሩ ያመለክታል። የፊደሉን መጠን፥ ቀለሙንና የክፍሎቹን ርቀት የሚወስነው ደግሞ ሲኤስኤስ የሚባለው ሌላ ቋንቋ ነው። ይህንንም ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ የኖርዌይ ሰው በ1994 አሳቡን አቀረበ፤ በ1996ም እንደ ደንብ ሆኖ ጸደቀ።

ይህ ክፍፍል ለብራና ጸሐፊ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁም ጸሐፊ አስቀድሞ ብራናውን ወግቶ ያሰምራል፥ ህዳጉንም ይተዋል፤ ከዚያም ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ቀለም ለርእሱና ለቅዱሳን ስም ይለያል። ንባቡ አንድ ነገር ነው፤ አቀማመጡና ቀለሙ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ተማሪ የድረ ገጽን ሥራ ግማሽ እንዳወቀ ይቈጠራል።

2. ያለ ኮድ መሥራት ምን ማለት እንደ ሆነ

በመዠመሪያው ጊዜ ድረ ገጽ ለመሥራት የሚሻ ሰው የተነገሩትን ቋንቋዎች ቃል በቃል እየጻፈ መሥራት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ግን ሠሪው ክፍሎቹን በእጁ እየጐተተ በፈለገው ስፍራ የሚያኖርበት፥ ቀለሙንም ከተዘረጋለት መካከል የሚመርጥበት መሣሪያ ተገኘ። ዎርድፕረስ በ2003፥ ዊክስ በ2006፥ ዌብፍሎው በ2013 ተመሠረቱ። ዎርድፕረስም በ2018 ዓመት መጨረሻ ገጹን በየክፍሉ እየደረደሩ የሚሠሩበትን አዲስ አሠራር አመጣ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ሠሪው የሚፈልገውን በቃል ሲገልጽለት ገጹን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሯል።

ነገር ግን «ያለ ኮድ» ሲባል ኮዱ የለም ማለት አይደለም። ኮዱን የሚጽፈው መሣሪያው ነው እንጂ። ነገሩ ጽሕፈት የማያውቅ ባላገር አቤቱታውን ለጸሐፊ እየነገረ እንደሚያስጽፈው ነው። ጸሐፊው እጁ የቱንም ያህል ቢሰላ፥ ባለጕዳዩ በደሉን በሥርዓት ለይቶ ካልነገረው አቤቱታው የተዘበራረቀ ይሆናል፤ ዳኛውም አይረዳውም። እንደዚሁም ሠሪው የሚያስጽፈውን የማያውቅ ከሆነ መሣሪያው ያማረ ነገር ግን የማይረባ ገጽ ይሰጠዋል።

3. ከመሣሪያው በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች

የቪዲዮ መምህራን ብዙ ጊዜ «ይህን ቁልፍ ተጫን፥ ያን ጐትት» በማለት ያስተምራሉ። የቁልፉ ስፍራ ግን መሣሪያው በታደሰ ቍጥር ይለወጣል። የማይለወጡት የሚከተሉት ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሳጥን ሥርዓት ነው። በድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍል ሁሉ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑም አራት ነገር አለው። ለባላገር ሰው በቀላሉ የሚገባው በመኖሪያ ሰፈር ሲመሰል ነው። ቤቱ ጽሑፉ ወይም ሥዕሉ ነው። በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለው ግቢ ፓዲንግ ይባላል። አጥሩ ራሱ ቦርደር ይባላል። በአንዱ አጥርና በጎረቤቱ አጥር መካከል ያለው መተላለፊያ ማርጂን ይባላል። ተማሪው ጽሑፉ ከጠርዙ ጋራ ተጣብቆ ቢያይ የጠበበው ግቢው ነው፤ ሁለት ክፍሎች ተነካክተው ቢያይ የጠበበው መተላለፊያው ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ አንዱን ለማቃናት ሌላውን ሲያጣምም ይውላል።

ሁለተኛው የጋራ ስም ነው። ይህም ክላስ ይባላል። በገጹ ላይ ላሉት ርእሶች ሁሉ አንድ ስም ሰጥቶ መልካቸውን በዚያ ስም የወሰነ ሰው፥ ኋላ ቀለሙን ለመለወጥ ቢፈልግ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ይለውጣቸዋል። ስም ያልሰጠ ግን ሃያ ርእስ ቢኖረው ሃያ ጊዜ ይደክማል፤ ከመካከላቸውም አንዱን መርሳቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ገጹ ከሚታይበት መስተዋት ስፋት ጋራ መስማማቱ ነው። ኢታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ ለዚህ አሠራር በ2010 ስም አወጣለት። ሦስት ክፍል ጎን ለጎን በኮምፒዩተር ላይ ቢያምሩም፥ በስልክ ላይ ግን አንዱ ከሌላው በታች መደርደር አለባቸው። በገጠር የሚገኝ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው በስልክ ስለ ሆነ፥ ሥራውን በስልክ ሳያዩ ተፈጸመ ማለት አይገባም።

4. ከቪዲዮ የመማር ሥርዓት

ዩቲዩብ በ2005 ተመሠረተ፤ በ2006ም ጉግል የሚባለው ኩባንያ ገዛው። በዚህ ስፍራ ድረ ገጽ መሥራትን ያለ ክፍያ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በ2014 የተመሠረተውና ለትርፍ የማይሠራው ፍሪኮድካምፕ አንዱ ነው። ዌብፍሎውም ዌብፍሎው ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም የራሱን መሣሪያ የሚያስተምርበት የቪዲዮ ትምህርት አለው። ስለዚህ የትምህርት እጦት የለም፤ የሚጐድለው የአማማር ሥርዓት ነው።

በቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት ማሰብ ለዚህ ይረዳል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይተኛም። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ሲመሽም ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርመዋል። አዠማመሩም ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው እንጂ ከረዥሙ ከመወድስ አይደለም። የሰማው የመምህሩ ነው፤ የራሱ የሚሆነው የቈጠረው ነው።

የቪዲዮ መምህር ግን አንድ ታላቅ ጕድለት አለበት፤ እርሱ ይናገራል እንጂ ተማሪውን አይሰማም። ተማሪው ቢሳሳት አይቈጣውም፤ ቢያንቀላፋም አይቀሰቅሰውም። ተማሪው መምህሩ ያለ ችግር ሲሠራ ያያል፤ በማየቱም እርሱ ራሱ የሚችል ይመስለዋል። ይህ ማታለል የብዙ ወጣቶችን ጊዜ በልቷል። ስለዚህ መምህሩ የማያደርገውን ተማሪው በራሱ ላይ ማድረግ ይገባዋል፤ ሥርዓቱም የሚከተለው ነው።

ሀ. ተማሪው አስቀድሞ የሚሠራውን ገጽ በወረቀት ላይ ይንደፍ። ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ቪዲዮ የሚከፍት ሰው ገበያ ወጥቶ የሚገዛውን እንደ ረሳ ሰው ነው።

ለ. አንድ መሣሪያና አንድ መምህር ይምረጥ፤ የያዘውን ትምህርት ሳይጨርስም ወደ ሌላ አይዝለል። በየቀኑ መምህር የሚለውጥ ተማሪ መዠመሪያውን አሥር ጊዜ ይማራል፤ መጨረሻውን ግን አንድ ጊዜም አያይም።

ሐ. የቪዲዮውን ዘመን ይመልከት። ለምሳሌ ዎርድፕረስን ለማስተማር በ2016 የተሠራ ቪዲዮ የሚያሳየው የማዘጋጃ ገጽ፥ በ2018 መጨረሻ ከመጣው አዲስ አሠራር ጋራ አይመሳሰልም። ተማሪው ግን ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቈርጣል።

መ. ከአምስት ወይም ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቪዲዮውን ያቁም፥ ይዝጋው፤ ያየውንም ከትዝታው ይሥራ። ሲጠፋበት ብቻ ተመልሶ ይመልከት። ንግግሩ ከፈጠነበት ማፍጠኛውን ወደ ግማሽ ዝቅ ማድረግ ይችላል። አንድ ደቂቃ ላየበት ሦስት ደቂቃ ቢሠራበት ልኩ ነው።

ሠ. የመምህሩን ሥራ እንዳለ አይቅዳ፤ ነገሩን ለውጦ ይሥራ። መምህሩ ስለ ቡና መሸጫ ገጽ ቢያሳይ ተማሪው ስለ ትምህርት ቤቱ ይሥራ። ነገሩ ሲለወጥ ያልገባው ይገለጥለታል።

ረ. የኢንተርኔት ዋጋ ስለሚከብድ፥ የሥዕሉን ጥራት ወደ 240 ወይም ወደ 360 ዝቅ ያድርግ፤ ቁልፎቹን ማንበብ ሲያቅተው ብቻ ከፍ ያድርገው። የቪዲዮው ባለቤት በፈቀደበትም ስፍራ፥ መምህሩ አንድ ጊዜ አውርዶ ለብዙ ተማሪዎች ቢያሳይ ወጪው ይቀንሳል።

ሰ. ሁለት ሁለት ሆነው ይማሩ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠይቀው፥ ያርመውም። የማይሰማው የቪዲዮ መምህር ጕድለት በዚህ ይሞላል።

5. ለአማርኛ ጽሑፍ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

የቪዲዮ መምህራን አብዛኞቹ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ስለ ሆነ፥ የነገሩት ሁሉ ለፊደላችን አይስማማም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፥ ማለት በዩኒኮድ፥ በ1999 ስለ ገባ፥ በእርሱ የተጻፈ አማርኛ ለዚህ የሚሆን ፊደል ባለበት ኮምፒዩተርና ስልክ ሁሉ ይነበባል። አማርኛን እንደ ሥዕል አድርጎ ገጽ ላይ መለጠፍ ግን አይገባም፤ በፍለጋ አይገኝም፥ ለዐይነ ስውራን የሚያነብ መሣሪያም አያነበውምና።

የእንግሊዝኛው መምህር «ርእሱን በትልልቁ ፊደል ጻፍ» ሲል፥ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ተብሎ ያልተከፈለ ስለ ሆነ ርእሱ በመጠንና በቀለም ይለይ። «ይህን ቃል አዘንብል» ሲልም፥ ማዘንበል ለግዕዝ ፊደል የተለመደ ስላልሆነ፥ ቃሉን ማወፈር ወይም በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ይሻላል። የመስመሮቹም ርቀት ከእንግሊዝኛው ጥቂት ሰፋ ይበል፤ የፊደላችን ቅርጽ የደረበ ስለ ሆነ ሲጠጋጋ ዐይንን ያደክማል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክና አቢሲኒካ የሚባሉት የፊደል ዐይነቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የቀለሙም ነገር አይዘንጋ። በነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ለወጣት ዐይን ያማረ ይመስላል፤ ሽማግሌ ግን አያነበውም። የድረ ገጽን ተደራሽነት የሚወስነው ዓለም አቀፍ መመሪያ፥ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ያዝዛል።

6. ምሳሌ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ገጽ

አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ገጽ ሊሠራ ቢነሣ፥ መዠመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዐይነት ቀለም ያምራል» ብሎ ሳይሆን «ወደዚህ ገጽ የሚመጣው ማን ነው፥ ምንስ ፈልጎ ይመጣል» ብሎ ነው። የሚመጣው የተማሪ ወላጅ ነው እንበል። ወላጁ የሚፈልገውም የምዝገባው ቀን መቼ እንደ ሆነ፥ ለምዝገባ ምን ይዞ መምጣት እንደሚገባው፥ ትምህርት የሚዠመርበት ሰዓት ስንት እንደ ሆነ፥ ትምህርት ቤቱስ በየት በኩል እንደሚገኝ ነው። እንግዲህ ገጹ አራት ክፍል ይኖረዋል፤ የምዝገባው ቀንም ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። የትምህርት ቤቱ ታሪክና የርእሰ መምህሩ ሰላምታ ቢጨመሩ መልካም ነው፤ ስፍራቸው ግን ከታች ነው።

ሥዕል ሲጨመር ክብደቱ ይታሰብ። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋባይት ይበልጣል። አምስት ፎቶግራፍ የተጫነበትን ገጽ የሚከፍት ወላጅ 15 ሜጋባይት ከፈለ ማለት ነው፤ ያውም የፈለገው አንዲት ቀን ለማወቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ተጨምቆ ከ200 ኪሎባይት በታች እንዲሆን ይደረግ፤ አምስቱም በአንድነት ከ1 ሜጋባይት አይበልጡም።

7. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ባለመሬቱ ሲያስነሣው ጣራውን ተሸክሞ አይሄድም። ጂኦሲቲስ የሚባል ስፍራ በ1994 ተመሥርቶ፥ ብዙ ሰዎች ገጻቸውን ያለ ክፍያ ሠርተውበት ነበር። በ1999 ያሁ የሚባለው ኩባንያ ገዛው፤ በ2009ም በአሜሪካ ያለውን ዘጋው። በጎ ፈቃደኞች ከገጾቹ ብዙውን ገልብጠው ባያተርፉ ኖሮ ሁሉም ጠፍቶ ይቀር ነበር። አዶቤ የሚባለውም ኩባንያ ሙዝ የሚባለውን ያለ ኮድ መሥሪያውን ማሻሻል ማቆሙን በ2018 አስታወቀ፤ ድጋፉንም በ2020 ፈጸመ። መሣሪያውን ተምረው ኑሯቸውን በእርሱ የመሠረቱ ሰዎች ሌላ ለመማር ተገደዱ። ስለዚህ የገጹ ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ ቅጂው በትምህርት ቤቱ ዘንድ ይቀመጥ። መሣሪያም ሲመረጥ «ሥራዬን አውጥቼ ወደ ሌላ ስፍራ ልወስደው እችላለሁን» ተብሎ ይጠየቅ፤ ይህን የሚፈቅዱም የማይፈቅዱም አሉና። የገጹ አድራሻና የይለፍ ቃሉም በአንድ ወጣት ስልክ ውስጥ ብቻ አይቅር፤ እርሱ ወደ ከተማ ሲሄድ ገጹ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ዳግመኛም የሕፃናት ስም፥ ፎቶግራፍና የመኖሪያ ስፍራ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ በገጽ ላይ አይውጣ። ወረቀት ከግድግዳ ላይ ይቀደዳል፤ በኢንተርኔት የወጣ ነገር ግን ሌሎች ገልብጠውት ሊቀር ይችላል።

ደግሞም «በአንድ ወር ተምረህ ብዙ ገንዘብ ታገኛለህ» የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚያተርፉት ከድረ ገጽ ሥራ ሳይሆን ከተመልካቹ ብዛት ወይም ከሚሸጡት ትምህርት ነው። ሙያው እውነተኛ ሙያ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሽመናና እንደ አናጢነት ሁሉ በልምምድ ይገኛል።

8. ሽማግሌዎች ተማሪውን እንዴት እንደሚመረምሩት

ኮምፒዩተር የማያውቅ ሽማግሌ «ይህ የእኔ ነገር አይደለም» ብሎ ዳር መቆም አይገባውም። ልብስ መስፋት የማይችል ሰው ልብሱ እንደ ጠበበው ያውቃል። ሽማግሌውም ልጁን «ስንት ሰዓት አየህ» ብሎ ሳይሆን «ምን ሠራህ፥ አሳየኝ» ብሎ ይጠይቀው። በየሳምንቱ ይህን የሚጠይቅ አባት ወይም እናት ያለው ልጅ ቪዲዮን መጫወቻ ሊያደርገው አይችልም። መመርመሪያውም አራት ነው።

መዠመሪያ፥ ቪዲዮው ተዘግቶ ሳለ በገጹ ላይ አንድ አዲስ ማስታወቂያ እንዲጨምር ይታዘዝ። ሁለተኛ፥ የርእሶቹን ቀለም ሁሉ እንዲለውጥ ይጠየቅ፤ የጋራ ስም ሰጥቷቸው እንደ ሆነ ባንድ አፍታ ይፈጽመዋል። ሦስተኛ፥ ገጹ በአሮጌ ስልክ ይከፈት፤ ሽማግሌውም ራሱ ያንብበው። አራተኛ፥ ገጹን አይቶ ለማያውቅ ጎረቤት ተሰጥቶ «የምዝገባው ቀን መቼ ነው» ተብሎ ይጠየቅ። ጎረቤቱ ቶሎ ካገኘው ሥራው ደኅና ነው፤ ከተደናገረ ግን የሚታረመው ጎረቤቱ አይደለም፥ ገጹ ነው።

እነዚህን አራት ያለፈ ተማሪ በእውነት ተምሯል። ያላለፈውም አይነቀፍ፤ የጐደለው ተነግሮት ለሚመጣው ሳምንት ይመለስ። የቅኔ ተማሪም ቅኔው ተበላሽቶበት ስንት ጊዜ ወደ ዛፉ ሥር ተመልሷል። በስልክ መስተዋት ውስጥ ያለው መምህር ብዙ ያሳያል፤ ሰምቶ ማረም ግን በተማሪው አጠገብ ላሉት መምህራንና ወላጆች የተተወ ሥራ ነው።

የመልመጃ ጥያቄ

1. «ያለ ኮድ» ሲባል ኮዱን የሚጽፈው ማን ነው? ሠሪውስ ምን ማወቅ ይገባዋል?
2. ፓዲንግና ማርጂን በመኖሪያ ሰፈር ምሳሌ የሚመሰሉት በምን በምን ነው?
3. የቪዲዮ መምህር ከቅኔ መምህር የሚያንሰው በምንድን ነው? ይህስ በምን ይሞላል?
4. እያንዳንዱ 3 ሜጋባይት የሆነ ስምንት ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ 40 ወላጆች ቢከፍቱት በጠቅላላው ስንት ሜጋባይት ይፈጃሉ? ሥዕሎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ኪሎባይት ቢጨመቁስ? አንዱ ሜጋባይት 1000 ኪሎባይት ተብሎ ይቈጠር።
5. ከጂኦሲቲስ መዘጋት የምንማረው ምንድን ነው?